ከእናቴ ብቅል የተነሣ ጥያቄ፦ የገብስ ሙከራዬ እስካሁን

ተሸፍኖ በጨለማ የሚወጣው የብቅል ቡቃያ ለምን እንደሚነጣ ከልጅነቴ ጀምሮ እናቴን እጠይቃት ነበር። ዘንድሮ እዚሁ ደሴ ቤታችን ገብስ በሁለት ጣሳ ዘራሁ፤ አንዱን መስኮት ላይ፣ ሌላውን ቁም ሣጥን ውስጥ አኖርኩ። የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም። በየምሽቱ በስልክ መብራት ረጅም ጊዜ እያየሁ ፎቶ ሳነሣ የቡቃያው ጫፍ አረንጓዴ ሆነብኝ። በሁለተኛው ግን 8 ቀን ሙሉ ሳልከፍት ታገሥሁ።

በ9ኛው ቀን ጠዋት የጦሳ ተራራ ጉም ገና ሳይነሣ አወጣሁት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቢጫ ነበር። ከሰዓት በኋላ ወደ አረንጓዴ ማድላት ጀመረ፤ በማግስቱ ለምልሞ አገኘሁት። ብዙ ጊዜ ተመላልሼ አየሁት፤ እንዲህ የሚያስደስት ነገር ካየሁ ቆይቻለሁ።

ከዚያ ወደ ንባብ ተመለስኩ። በጨለማ ባደገ ቅጠል ውስጥ ክሎሮፕላስት፣ ማለትም ቅጠሉ በብርሃን ምግብ የሚሠራበት የሕዋስ ክፍል፣ ገና አልተሠራም። ቦታውን የያዘው ኢቲዮፕላስት ነው፤ በውስጡም የገለፈቱ ቅባትና ፕሮቲን እንደ መረብ ተጠላልፎ ይጠብቃል። በገብስ ክሎሮፊል (የቅጠሉ አረንጓዴ ቀለም) ከሚሠራባቸው ደረጃዎች አንዱን የሚያከናውነው ኤንዛይም ያለ ብርሃን አይሠራም። ብርሃን ሲደርሰው መረቡ ይፈታል፤ ታይላኮይድ የሚባሉት ስስ ገለፈቶች ይዘረጋሉ፤ ቀጥሎም እየተደራረቡ ግራና ይሆናሉ።

ግራናን ሌማት ላይ እንዳለ የእንጀራ ክምር አድርጌ እገምት ነበር። ተሳስቻለሁ፤ እንጀራው አንድ በአንድ የተለያየ ነው፣ የታይላኮይድ ገለፈት ግን ከክምር ወደ ክምር የተያያዘ ነው። ክምሩም እንደ መጽሐፉ ሥዕል ባለበት የሚቆም አይደለም። ጥላ የለመደ ቅጠል ብዙ ይደራርባል፣ ፀሐይ የለመደው ያሳንሳል። በገለፈቱ ላይ ብርሃን የሚጠቀሙ ሁለት የፕሮቲን ስብስቦች አሉ፦ ፎቶሲስተም ሁለት በብዛት የሚገኘው በተደራረበው፣ ፎቶሲስተም አንድ ደግሞ ባልተደራረበው ክፍል ነው። የብርሃኑ ዓይነት ሲለወጥ ከብርሃን ሰብሳቢ ፕሮቲኖች የተወሰኑት ፎስፌት ተጨምሮባቸው በደቂቃዎች ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛወራሉ።

እኔ በዓይኔ ያየሁት ቀለሙን ብቻ ነው፤ ድርድሩን ለማየት ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። ስለዚህ ቀጣዩ ሥራዬም በቀለም ነው። አንድ ባቄላ ፀሐይ ላይ፣ አንዱን ጥላ ሥር ተክያለሁ። ቅጠላቸውን በአልኮል ዘፍዝፌ ቀለማቱን በማጣሪያ ወረቀት እለያለሁ፤ በጥላው ቅጠል ከክሎሮፊል ዓይነቶች አንዱ የሆነው የክሎሮፊል ቢ ድርሻ ከፍ ማለት አለበት። ኮምቦልቻ ያላችሁ ጓደኞቼ፣ እናንተ ዘንድ ይሞቃልና ያንኑ ዘር ብልክላችሁ አብራችሁኝ ትዘራላችሁ?