ግራ ጆሮ

ከጋሼ አርባ ከተመለስኩ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ጋቢዬ አሁንም የኩበት ጭስ ይሸታል፤ ላጥበው ብዬ ተውኩት። ስለ እርሳቸው መጻፍ ያሰብኩት ገና በቀብሩ ዕለት ነበር፤ ያን ቀን ግን የተነበበው የሕይወት ታሪክ አናዶኝ ስለነበር እጄ አልታዘዝ አለኝ።

የተነበበው ሐሰት አልነበረም። የእድሩ ጸሐፊ ወረቀቱን ዘርግቶ ቆጠረ፦ የእድር ዳኛ፣ የትምህርት ቤት አሠሪ ኮሚቴ አባል፣ የውኃ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የሰበካ ጉባኤ ተመራጭ። ሁሉም እውነት ነው። በመንዟ ከተማ በመሐል ሜዳ ጋሼ ያልተቀመጡበት ኮሚቴ ካለ ገና ያልተቋቋመው ብቻ ነው። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ወረቀት ላይ አንድም በግ አልነበረም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በግ ያረቡ ሰው ያለ አንዲት በግ ተቀበሩ።

ጋሼ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ለከተማይቱ ዋሉላት የምለው ውለታ ከስብሰባው ይልቅ በርቢው ነው። ከተማ ያደገ ሰው ርቢን ላያውቀው ይችላል። በግ ያለው ለሌለው አንዲት እናት በግ ይሰጣል፤ ተቀባዩ ያግዳታል፣ ይቀልባታል፣ የወለደችውን ይካፈላሉ፤ እናቲቱ ግን የባለቤቷ ናት። አካፋፈሉ እንደ ሰዉ ስምምነት ነው። የጋሼ ስምምነት አንዲት ያልተለመደች ነገር ነበረችበት፦ የመጀመሪያዋ ሴት ግልገል ሙሉ በሙሉ የተቀባዩ ናት። «ወንዱ ለበዓል ይታረዳል፣ ያልቃል፤ ሴቷ ግን ጎጆ ታወጣለች» ይሉ ነበር። በ1977 ድርቅ መንጋው ያለቀበት ጎረቤት፣ በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ባዶ እጁን የገባ ወታደር፣ ባል የሞተባት ሴት፣ አዲስ ሙሽራ፤ ከእነዚህ መካከል ስንቱ ከጋሼ በረት በግ እየጎተተ እንደወጣ የሚያውቅ የለም። መዝገብ አልነበራቸውም። ያለው ምልክት በበጊቱ ግራ ጆሮ ጫፍ ላይ የሚበጧት አንዲት ትንሽ ስንጥቅ ናት።

ሌላው የአውራው ነገር ነው። የመንዝ በግ ትንሽ ናት፤ ላቷም አጭር፣ ጫፉ ወደ ላይ የታጠፈ። ብርዱንና የመኖውን እጥረት ግን እንደ እርሷ የሚችለው የለም። ችግሩ ከገበሬው ኪስ ነው የሚመጣው። ገንዘብ ሲያስፈልገው ቀድሞ ገበያ የሚያወጣው ቶሎ ያደገውን ጠቦት ነው፤ ለፋሲካ የሚመጣው ነጋዴም ዓይኑ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው። መንጋው ውስጥ ቀርቶ ሴቶቹን የሚያጠቃው ኮስማናው ይሆናል፤ እንዲህ ሲባል ዘሩ ከዓመት ዓመት እየደቀቀ ይሄዳል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የምርምር ባለሙያዎች መንዝ ድረስ መጥተው ገበሬው ምርጥ አውራ መርጦ በጋራ እንዲጠቀም የሚያደርግ የዝርያ ማሻሻያ ሥራ ሲጀምሩ ይህንኑ በወግ አስረዱ። ጋሼ ግን ምርጡን አውራ ለፋሲካ አልሸጥም ብለው የጎረቤት በጎች ሁሉ በነጻ ሲጠቁበት ያየሁት ገና ልጅ ሳለሁ ነው።

አመራረጣቸው እስካሁን ዓይኔ ላይ ነው። መጀመሪያ ከሩቅ አካሄዱን ያያሉ። ከዚያ በጉልበታቸው መካከል ይይዙትና ከንፈሩን ገልጠው ጥርሱን ይመለከታሉ። አራት ጣቶቻቸውን በፀጉሩ ውስጥ አስገብተው አከርካሪውን ከትከሻው እስከ ዳሌው ይዳስሳሉ፤ ዓይናቸውን የሚጨፍኑት እዚህ ላይ ነው። በመጨረሻ ላቱን በመዳፋቸው ከፍ ዝቅ ያደርጉታል፣ ሴቶች ገበያ ላይ ቅቤ እንደሚመዝኑት። ሚዛን ይዞ የመጣ አንድ ወጣት ባለሙያ ኪሎውን ሲነግራቸው «እጄም እንዲሁ ብሎኝ ነበር» አሉት። ትንሽ ጉራ ነበረባቸው። ይህንንም ወረቀቱ ላይ አልጻፉትም።

ስለ ጓሳው ሣር ሜዳ ካልጻፍኩ ግን ሌላው ሁሉ ማባበያ ይሆንብኛል።

ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ጎብኚ ከማምጣታቸው በፊት የጓሳ ሜዳ ለመንዝ ሰው የቤት ክዳን፣ ገመድና የክፉ ቀን ግጦሽ ነበር። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አባቶች ለዓመታት እየዘጉ፣ ድርቅ ሲጠና እየከፈቱ አቆይተውታል። በ1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የባለ ርስቶቹ ሥርዓት አብሮ ፈረሰ፤ በኋላ ቀበሌዎቹ ተመካክረው ጥበቃውን በኮሚቴ መልሰው አቋቋሙት። የ9 ዓመት ልጅ ሆኜ ክረምቱን በዚያው አካባቢ፣ በጋሼ እናት ወገኖች መንደር ስናሳልፍ፣ በጎቹን እንድጠብቅ ሰጡኝ። እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ 11ዱም በጎች በተዘጋው ሣር ውስጥ ነበሩ፤ ጠባቂው እየነዳ ወሰዳቸው።

በማግሥቱ ጉዳዩን የሚያዩት ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ጋሼም ከተቀማጮቹ አንዱ ነበሩ። የእኛ ነገር ሲጠራ ከድንጋይ መቀመጫቸው ተነሡ፤ በርኖሳቸውን አስተካክለው ማዶ ተሻገሩና እኔ አጠገብ ቆሙ። ሰዎቹ አፈሩ። አንደኛው «ልጅ ነው፣ ይለፈው» አለ። «ልጁ ይለፈው፤ በጎቹ ግን የእኔ ናቸው» አሉና ቅጣቱን ከኪሳቸው ቆጥረው አስቀመጡ። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡና የሚቀጥለውን ሰው ጉዳይ አዩ።

ለእኔ አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ማታ እራት ላይ ብቻ፣ እንጀራው ላይ አቀርቅረው፣ «ዛሬ ያስከፈልከኝ የእትዬን የእንቁጣጣሽ ነጠላ ነው» አሉኝ። እትዬ፣ ሚስታቸው፣ ቀና ብለው አላዩም። ወጥ ጨመሩልኝ።

ያኔ የገባኝ የራሴ ጥፋት ብቻ ነበር። አሁን ሳስበው ከጥፋቴ ይልቅ ያ ነጠላ ነው የሚቆጨኝ። የጋሼን ደግነት ጠላ የጠመቀችው፣ እንጀራ የጋገረችው እትዬ ናት። (አንቺ ማለቴ ለራሴ በምጽፈው ላይ ነው፤ ፊታቸው አልደፍርም።) ባልና ሚስት ለማስታረቅ የመጡ ሽማግሌዎች የሚውሉት በእርሳቸው ቤት ነው። በርቢ በግ ሊለምን የመጣ ሰው እህል ሳይቀምስ አይሄድም። የበጉን ፀጉር ፈትለው ያስጨረሱት ባና ስንት ጊዜ ለሌላ ሰው ትከሻ እንደተሰጠ እርሳቸው ብቻ ያውቃሉ። የአጎቴ የበኩር ልጅ ከ7ኛ ክፍል ያቋረጠው እረኛ ጠፍቶ ነው። አሁን አዳማ ሹፌር ነው። በቀብሩ ማግሥት «አባባ የከተማው ነበር፤ ለእኛ የሚደርሰን ማታ ማታ ነው» አለኝ። በቁጣ አልነበረም፤ ሰዓት እንደሚነግር ሰው ነበር ያለኝ።

አርባው ላይ ካህናቱ ከተሸኙ በኋላ ሰዉ መመናመን ጀመረ። እኔ ድንኳን ሲነቀል እያገዝኩ ሳለሁ አንድ ሰው ሁለት በግ እየጎተተ ከአጥሩ ውጭ ቆመ፤ እናትና ጎረምሳ ሴት ልጅ። መሐል ሜዳ ውስጥ ሻይ ቤት ያለው፣ ደህና ኑሮ የሚኖር ሰው ነው። እትዬ ወጡ።

«እርሳቸው ያሉኝ አንዲት ነው» አሉት።

«ባለፈው ዓመት መንታ ወለደች። አንዷን ብቻ ነገርኳቸው።» ገመዱን ከእጅ ወደ እጅ ቀያየረ። የመንዝ በግ መንታ መውለድ አያዘወትርም፤ አንዱን ግልገል ቢደብቁት ማንም አይጠረጥርም። «ወር ያህል እንቅልፍ አጣሁ፣ እትዬ።»

እንደማውቃቸው ከሆነ «ውሰዳት ልጄ፣ ይቅር ይበልህ» ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። ሰውየውም የጠበቀው ያንኑ ይመስለኛል፤ ግማሽ ሰውነቱ ወደ መንገዱ ዞሮ ነበር። እትዬ ግን ገመዱን ተቀበሉት። የእናቲቱን ግራ ጆሮ በአውራ ጣታቸው ዳስሰው ስንጥቋን አገኟት፤ ልጅቱን ዳሰሱ፣ ጆሮዋ ድፍን ነው። እናቲቱን መልሰው ሰጡት። ልጅቱን ወደ በረቱ ጎተቷት።

«ቢላዋ አምጣልኝ» አሉኝ።

አመጣሁ። ጎንበስ ብዬ ራሷን ያዝኩላቸው፣ ግራ ጆሮዋን ወደ እርሳቸው አዞርኩት። እጄን ወዲያ ገፉትና ቀኙን ያዙ።