የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲን በአማርኛ ማስጎብኘት፦ እንዴት እንደጀመርኩትና ምን እንደተማርኩበት

ሐምቡርግ የምንኖር ሀበሾች ዳምቶር ባቡር ጣቢያን በደንብ እናውቃለን። ከጣቢያው ወጥቶ መንገዱን ሲሻገሩ ባለ ጉልላት ትልቅ ሕንፃ አለ። የዩኒቨርሲቲው ዋና ሕንፃ ነው። ብዙዎቻችን ለዓመታት በአጠገቡ እያለፍን አንድ ቀን እንኳ ገብተን አናውቅም። “ተማሪ ያልሆነ ሰው እዚያ ምን ይሠራል?” ይባላል። ይህ አባባል በጣም ይከነክነኝ ነበር። ሕንፃው ሲሠራ እኮ ለተማሪ ብቻ ተብሎ አልነበረም። ደግሞም የእኛ የግዕዝ ብራናዎች በዓለም ላይ በጥልቀት ከሚጠኑባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ይኸው ዩኒቨርሲቲ ነው። ስለዚህ በትርፍ ጊዜዬ ወገኖቼን እየሰበሰብኩ ግቢውን በአማርኛ ማስጎብኘት ጀመርኩ። እንዴት እንደሠራሁት ልንገራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ማስታወሻ ደብተር ይዤ ብቻዬን ዞርኩ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን፣ መሬት ላይ የተተከለውን፣ አዳራሽ በር ላይ የተጻፈውን ስም ሁሉ ገለበጥኩ። ከዚያ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ስሞቹን አንድ በአንድ አጣራሁ። አንድን ነገር ከሁለት ቦታ ካላገኘሁት አልናገረውም። ይህን ደንብ እስከ ዛሬ አልለቀቅኩትም።

የጉብኝቱ መስመር የወጣው ከእነዚህ ስሞች ነው። በዓመተ ምሕረት ቅደም ተከተል መሄድ አልፈለግኩም። ሰው ቆሞ፣ ብርድ እየመታው፣ የዓመት ቁጥር ቢደረደርለት ወዲያው ይረሳዋል። “ይህ ስም ለምን እዚህ ተጻፈ? የማን ስም ደግሞ ተነሣ?” ሲባል ግን ጆሮውን ይሰጣል። ለዚህ ግቢ ደግሞ ከዚህ የተሻለ መንገድ ያለ አይመስለኝም። በስሞች ላይ ብዙ የተጣላ ዩኒቨርሲቲ ነውና።

የምንጀምረው ከዋናው በር ነው። በሩ ላይ “ለምርምር፣ ለማስተማር፣ ለዕውቀት” የሚል ጽሑፍ አለ። ሕንፃውን ያሠራው ኤድሙንድ ዚመርስ የሚባል ሀብታም ነጋዴ ነው። ለከተማው በስጦታ ሰጠው፤ በ1911 ተከፈተ። ልብ በሉ፤ ያኔ ዩኒቨርሲቲ የሚባል ነገር ገና አልነበረም። ሐምቡርግ የወደብና የንግድ ከተማ ናት። ከነጋዴዎቿ ብዙዎቹ “ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርግልናል?” ባዮች ነበሩ። የነበረው ለማንኛውም የከተማው ሰው ክፍት የሆነ የሕዝብ ትምህርት ነው። ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ የቤት እመቤቷ ማታ ማታ መጥተው ይሰማሉ። ሕንፃው የተሠራው ለዚያ ነው። ቬርነር ፎን ሜለ የሚባል ሴናተር፣ በኋላም ከንቲባ፣ ለዓመታት ዩኒቨርሲቲ ካልተቋቋመ ብሎ ሙጭጭ አለ። ሐሳቡ ግን በተደጋጋሚ ውድቅ ተደረገበት። የተሳካው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1919 ነው። በዚያ ዓመት በሐምቡርግ ሴቶችም ድምፅ የሰጡበት የመጀመሪያው የከተማ ምክር ቤት ምርጫ ተካሄደ። አዲሱ ምክር ቤት ብዙም ሳይቆይ ዩኒቨርሲቲውን በሕግ አቋቋመ። በጀርመን በሕዝብ በተመረጠ ምክር ቤት የተመሠረተ የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ ይህ ነው። እዚህ ላይ ሁሌም “ታዲያ ዛሬስ ዝም ብለን መግባት እንችላለን?” የሚል ጥያቄ ይመጣል። መልሴ በሩን ከፍቶ ማስገባት ነው። ግቢው አጥር የለውም፤ ጥበቃ መታወቂያ አይጠይቅም፤ ቦርሳ አይፈተሽም። ከአገር ቤት አዲስ የመጣ ሰው ይህን ለማመን ጊዜ ይፈጅበታል።

ሁለተኛው ታሪክ ግን ደስ አይልም። ከሕዝብ ትምህርቱ ጎን ለጎን በ1908 የቅኝ ግዛት ተቋም የሚባል ተከፍቶ ነበር። ሥራው ወደ ጀርመን ቅኝ ግዛቶች የሚላኩ ሹማምንትንና ነጋዴዎችን ማሠልጠን ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ካርል ማይንሆፍ መጥቶ የአፍሪካ ቋንቋዎችን ማስተማር ጀመረ። ከእሱ ጋር ቋንቋቸውን የሚያስተምሩ አፍሪካውያን ረዳቶች ነበሩ፤ የእነሱን ስም ግን በየትኛውም በር ላይ አታገኙትም። ዩኒቨርሲቲው ሲቋቋም ከወረሳቸው ነገሮች አንዱ ይህ ተቋም ነው። ከዋናው ሕንፃ አጠገብ ደግሞ የሄርማን ፎን ቪስማን ሐውልት ቆሞ ነበር። ቪስማን የጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ ገዥ የነበረ ሰው ነው። ሐውልቱ መጀመሪያ የቆመው ዳሬ ሰላም ላይ ነበር። እንግሊዞች አገሩን ሲይዙ ነቀሉት፤ በ1922 እዚህ መጥቶ ተተከለ። ከታች አንድ አፍሪካዊ ወታደር አንጋጥጦ ያየዋል። ተማሪዎች በ1967 ጎትተው ጣሉት፤ መልሰው አቆሙት። በ1968 እንደገና ጣሉት፤ ከዚያ በኋላ አልቆመም።

ስዘጋጅ አንዳንድ ወዳጆቼ “ይህን ክፍል ዝለለው፤ ሰዉ ዘና ሊል ነው የሚመጣው” ብለውኝ ነበር። አልዘለልኩትም። ከጉብኝቱ ሁሉ ብዙ ውይይት የሚነሣበት ቦታ ይህ ሆነ። አድዋን ይዘን የመጣን ሰዎች ነን፤ ስለ ቅኝ ግዛት የምንናገረው አናጣም። አንድ ትልቅ ሰው “ታዲያ እኛንም የሚያጠኑን በዚህ ዓይን ነዋ?” አሉኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ በሁለት ቃል የሚመለስም አይደለም። መልሱን ይዤላቸው የሄድኩት ወደ ምሥራቁ ክንፍ ነው።

የእስያና አፍሪካ ኢንስቲትዩት የሚገኘው በዋናው ሕንፃ ምሥራቅ ክንፍ ነው። የዩኒቨርሲቲው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጥናት ማዕከል በሂዮብ ሉዶልፍ ስም ይጠራል። ሉዶልፍ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ጀርመናዊ ሊቅ ነው። ግን አስተማሪው ማን ነበር? አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ የመካነ ሥላሴ ሰው። በ1649 ሮም ላይ ተገናኙ። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ጀርመን ድረስ ተጋብዘው ጎታ ቤተ መንግሥት ሰነበቱ፤ ቋንቋውን፣ ታሪኩን፣ የአገሩን ወግ አስረዱት። ሉዶልፍ የግዕዝ መዝገበ ቃላት አሳተመ፤ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አወጣ። የአባ ጎርጎርዮስን ውለታ በስማቸው ጠርቶ በመጽሐፎቹ አስፍሯል። እሳቸው ግን ያን አላዩም። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ ሞቱ። ለትልቁ ሰው የነገርኳቸው ይህንኑ ነው። አንዱ ጥናት ከገዥ ቢሮ ተወለደ፤ ሌላው ከመምህርና ከተማሪ ወዳጅነት። ሁለቱም ዛሬ በአንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። እሳቸውም ትንሽ አሰቡና “የመምህሩም ስም በር ላይ ይጻፍ እንጂ!” አሉ። እኔም እንደሳቸው ነው የማስበው።

ከዚያ ቤተ መጻሕፍት እንገባለን። አስቀድሜ አነጋግሬያቸው ስለነበር በጥሩ ፊት ተቀበሉን። ጉብኝቱን ሳዘጋጅ በጣም የደከምኩበት ክፍል ይህ ነው። ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ የሚባለው፣ ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ የተጻፈው ትልቅ መዝገበ ዕውቀት፣ የተዘጋጀው እዚህ ሐምቡርግ ነው። በዚግበርት ኡህሊግ መሪነት ተጀምሮ በአሌሳንድሮ ባውሲ ተጠናቀቀ፤ አምስት ቅጽ ነው፤ የመጀመሪያው በ2003፣ የመጨረሻው በ2014 ወጣ። ይህን አፍ አውጥቶ መናገር ብቻ ምንም አይፈይድም። እኔ የማደርገው የሰዎቹን የትውልድ ቦታ መጠየቅ ነው። አንዲት እናት “ደብረ ታቦር” አሉኝ። ሁለተኛውን ቅጽ አውርጄ ገጹን ከፈትኩላቸው። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ጣቴን በመስመሩ ላይ እያስኬድኩ በአማርኛ አነበብኩላቸው። እሳቸው መነጽራቸውን አደረጉና ገጹን ወደ ራሳቸው ሳቡት። “ቆይ ልጄ፣ ቀስ በል። ይሄን ማን ነገራቸው?” ጽሑፉ ሥር ያለውን የጸሐፊ ስም አሳየኋቸው። ከዚያ በኋላ ሁሉም የየራሱን አገር ፍለጋ ገባ። ጎንደሬው ወደ ጎንደር፣ የሐረሩ ልጅ ወደ ሐረር። ሰዓቱ አለቀ ብል የሚሰማኝ ጠፋ። ስለዚህ አሁን ለዚህ ክፍል ከሁሉም የበለጠ ጊዜ እመድባለሁ።

እዚያው ስልካቸውን እንዲያወጡ አደርጋለሁ። በ2016 የተጀመረ “ቤተ መጻሕፍት” የሚባል ፕሮጀክት አለ። በኢትዮጵያና በኤርትራ የተጻፉ ብራናዎችን ዝርዝር በኢንተርኔት ለማንም በነፃ ያቀርባል። የገዳም ስም ወይም የቅዱስ ስም አስገብቶ መፈለግ ይቻላል። ወጣቶቹ ከእኔ ቀድመው ይለምዱታል፤ ለወላጆቻቸው የሚያሳዩት እነሱ ናቸው።

ወደ ውጭ ስንወጣ መሬት እንዲያዩ እነግራቸዋለሁ። በዋናው ሕንፃ መግቢያ ላይ ከንጣፉ ጋር እኩል የተተከሉ ትንንሽ የናስ ድንጋዮች አሉ። መዳፍ የምታህል ናት አንዷ። ለማንበብ ጎንበስ ማለት ግድ ነው። የናዚዎች ሰለባ የሆኑ የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ስም ነው። አጋቴ ላሽን አሳያቸዋለሁ። በጀርመን የጀርመንኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር የሆነች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። አይሁዳዊት በመሆኗ ከሥራዋ ተባረረች፤ በ1942 ሪጋ አካባቢ ተገደለች። እሷ ከመባረሯ ከጥቂት ዓመታት በፊት ይኸው ዩኒቨርሲቲ አይሁዳዊውን ፈላስፋ ኤርንስት ካሲረርን ሬክተር አድርጎ መርጦ ነበር፤ በ1929። በ1933 እሱም፣ የፊዚክሱ ሊቅ ኦቶ ሽተርንም ለቀው ወጡ። ሽተርን አሜሪካ ገብቶ የ1943 የኖቤል ሽልማትን አገኘ።

ከዚያ በእግር ትንሽ ርቆ የዮሴፍ ካርለባህ አደባባይ አለ። በ1906 የተመረቀ ትልቅ ምኩራብ ነበረበት። በ1938 ጥቃት ደረሰበት፤ በ1939 ፈረሰ። ዛሬ መሬቱ ላይ በጥቁር ድንጋይ የጣሪያው ቅርጽ ተሥሎ ይታያል። ተማሪዎች በብስክሌት ሲያልፉበት ይውላሉ። እዚህ ብዙ አልናገርም። የድንጋዩን መስመር ተከትለው እንዲዞሩ ብቻ ነው የምጠይቃቸው። ሕንፃው ምን ያህል እንደነበር በእግራቸው ይለኩታል።

አውዲማክስ የሚባለውን ትልቅ አዳራሽ፣ በ1959 የተሠራውን፣ ቶሎ ነው የማልፈው። ሁለት ነገር ግን አልተውም። አንደኛው፣ ናዚን የተቃወሙ የነጭ ጽጌረዳ ቡድን የሐምቡርግ ወጣቶች መታሰቢያ እዚያው መግቢያው ውስጥ አለ። ሁለተኛው፣ በኅዳር 1967 ፕሮፌሰሮቹ ካባ ለብሰው በሰልፍ ሲገቡ ሁለት ተማሪዎች ከፊታቸው ጨርቅ ዘርግተው ሄዱ። “ከካባው ሥር የሺህ ዓመት ሻጋታ” የሚል ነበር። ሂትለር መንግሥቴ ሺህ ዓመት ይኖራል ይል ስለነበር ነገሩ እስከ አጥንት የሚሰማ ነው። ጀርመን አገር የተማሪ ንቅናቄ ሲነሣ እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው ያ ጨርቅ ነው።

ስለ አሠራሩ የተማርኩትን ለሌሎች ልተው። ፍራንክፈርትም ሙኒክም ያላችሁ ተመሳሳይ ነገር ማድረግ ትችላላችሁ። የሥራ ቀን ምረጡ፤ ቅዳሜና እሁድ ብዙው በር ዝግ ነው። የፈተና ሰሞን አትሂዱ። ቡድኑ ትንሽ ይሁን፤ ሲበዛ ኋላ ያለው አይሰማም፣ ወሬ ይጀምራል። ደረጃ የሌለውን መንገድ ቀድማችሁ ሂዱበት፤ እናቶችም የሕፃን ጋሪም ይመጣሉ። መጸዳጃ ቤት የት እንዳለ እወቁ። መሐል ላይ ተማሪዎች የሚበሉበት ካፍቴሪያ ገብታችሁ ቡና ጠጡ፤ እኔ ካገኘኋቸው ጥያቄዎች ጥሩ ጥሩዎቹ የመጡት እዚያ ቁጭ ብለን ነው። ደግሞ የሚነበብ ወረቀት አትያዙ። ስምና ዓመት በትንሽ ካርድ ይበቃል።

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ስለ ክፍያ ነው። መልሱ ወላጆችን ያስደስታል። የማስተማሪያ ክፍያ የለም። በየመንፈቁ የሚከፈል መዋጮ አለ፤ የባቡርና የአውቶቡስ ቲኬቱም በዚያ ውስጥ ይገባል። በካርል ፎን ኦሲየትስኪ ስም የተሰየመው ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ተማሪ ላልሆነም ክፍት ነው። ገብቶ ማንበብ ይቻላል።

አሁን የማዘጋጀው እዚሁ ለተወለዱት ልጆች የሚሆነውን ጉብኝት ነው። እነሱ በጀርመንኛ ይጠይቃሉ፤ ወላጆቻቸው በአማርኛ መስማት ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ አብራኝ የምትሠራ አንዲት የሕክምና ተማሪ አግኝቻለሁ። ለእነሱ የሳይንሱን ወገን እጨምራለሁ። የምድር ሳይንስና የሒሳብ ትምህርት ያለበትን ረጅም ፎቅ፣ የአየር ንብረት ጥናቱን፣ በ2021 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለመውን የሐምቡርጉን ክላውስ ሐስልማንን። ሰው የዓለምን ሙቀት እየጨመረ መሆኑን ከተፈጥሮ መዋዠቅ ለይቶ ማሳየት የሚቻልበትን መንገድ ያገኘ ሰው ነው። እዚያ ለመግባት ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ መልሱን እየጠበቅኩ ነው።