የትከሻው ነገር

ከሰዓት ነው፣ መብራት የለም። ቬንትሌተሩ ቆሟል፣ እኔ ሊሾው ላይ ተዘርግቻለሁ። የድሬዳዋዋ ሰፈራችን ከዚራ በዚህ ሰዓት ምን እንደምትመስል የሚያውቅ ያውቃል። ሱቁ ተዘግቷል፣ ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ቆሟል፣ ሰዉም ውሻውም እኩል ተኝቷል። እኔን ግን እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ተጋድሜ የማስበው ስለ አክስቴ ልጅ ትከሻ ሆነ።

ልጁ ጅቡቲ ነው ያለው። ሰሞኑን ለለቅሶ መጥቶ ተመለሰ። ባቡር ጣቢያ ስቀበለው ሻንጣውን በግራ እጁ ይዟል። "ቀኙስ?" ስለው "ትከሻዬን ትንሽ ይዞኛል፣ ተጣምሜ ተኝቼ መሰለኝ" አለ። እማዬ ቪክስ አሸችው። ምሳ በላን፣ ከሰዓት ሐረር ወጣን። ሐረር መንገድ ላይ ያለው ደንገጎ ዳገት ላይ ትከሻውን በእጁ ይዞ ዝም ብሎ በመስኮት ያይ ነበር። ሐዘኑ ነው ብዬ ተውኩት። በነጋታው ተሻለኝ አለ፣ በሦስተኛው ቀን ሄደ።

መጀመሪያ ጀልባ ላይ ተላላኪ ነበር። ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፉ ዓሣ ይመጣል፣ እሱን ለማየት ደግሞ ቱሪስቱ ይመጣል። እዚያው ትንፋሹን ይዞ እየጠለቀ ዓሣ መውጋት ለመደ። ጦር የሚተኩስ ጠመንጃ አላቸው። ቀጥሎ የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ መጥለቅ ተማረ፣ አሁን ወሬው ሁሉ 30 ሜትር ወረድኩ፣ 40 ሜትር ወረድኩ ሆኗል። እማዬ ስልክ በደወለ ቁጥር የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። "እዚያ አዞ አለ እንዴ?" እኔም ከእሷ ብዙ አልሻልም፣ የምፈራለት ሻርክ ነበር።

ማንበብ የጀመርኩት ከሄደ በኋላ ነው። ምነው ባላነበብኩ።

ውሃ ውስጥ በየ10 ሜትሩ ባሕር ጠረፍ ላይ ያለውን የአየር ግፊት የሚያህል ግፊት ይጨመራል። 30 ሜትር ላይ የሚተነፍሰው አየር 4 እጥፍ የታመቀ ነው። በዚያ ግፊት ናይትሮጅኑ ደምና ሥጋ ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብሎ ከወጣ በትንፋሽ ይወጣለታል። ከተጣደፈ ግን እዚያው ሰውነቱ ውስጥ አረፋ ይሆናል። አምቦ ውሃ በሉት። አረፋው ደግሞ መገጣጠሚያ ይወዳል። ክርን፣ ጉልበት፣ ትከሻ። ትከሻ የሚለው ላይ ስደርስ ስልኩን አስቀመጥኩት።

ለዚህ ነው በደቂቃ ከ9 ወይም ከ10 ሜትር በላይ አትውጣ የሚባለው። 5 ሜትር ላይ ሲደርስ ደግሞ ለ3 ደቂቃ ባለበት ይቆያል። ዳቦ ቤት ሰልፍ አይቶ ሳይገዛ የሚመለስ ልጅ፣ 3 ደቂቃ! ሕመሙ ከመጣ መድኃኒቱ ኦክስጅንና ግፊቱ ከፍ የተደረገ ክፍል ውስጥ መተኛት ነው። ቪክስ የሚል የትም አላየሁም።

ምርቃናም አለ። አልቀለድኩም። ከ30 ሜትር አካባቢ ጀምሮ ናይትሮጅኑ ራሱ ያናውዛል። ፈረንሳዮቹ የጥልቀት ስካር ይሉታል፣ እኔ የድሬ ልጅ ስለሆንኩ የጫት ምርቃና ነው የመሰለኝ። ሁሉ ነገር ቀላል ይሆንልሃል፣ ሐሳብህ ይረቅቃል፣ የአየር መለኪያውን እያየኸው ቁጥሩ ምንም አይልህም። በርጫ ላይ ቢሆን ግፋ ቢል አምስት ፎቅ ተሠርቶ ማታ ይፈርሳል። እዚያ ታች ግን የሚፈርሰው ሰውዬው ነው። ደግነቱ ጥቂት ሜትር ከፍ ካለ ይለቀዋል፣ ምርቃና መስበሪያ ጨብሲ አያስፈልገውም።

ከሁሉ የገረመኝ የዓሣ መውጋቱ ነው። ሰው ራሱን የሚስተው ታች፣ ጨለማው ውስጥ ይመስለኝ ነበር። ለካ ተንፍስ ተንፍስ የሚያሰኘን የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መብዛት ነው። አንዳንዱ ከመጥለቁ በፊት ቶሎ ቶሎ ተንፍሶ እሱን ያራግፍና ይወርዳል፣ ስለዚህ ኦክስጅኑ እያለቀ ምንም አይጨንቀውም። ታች እስካለ ግፊቱ ይይዘዋል። ዓሣውን ወግቶ ደስ ብሎት ሲወጣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ግፊቱ ሲቀንስ ያቺ የቀረችው ኦክስጅንም አቅም ታጣለች፣ እናም መጨረሻዎቹ ሜትሮች ላይ፣ ፀሐይዋን እያየ፣ እንደኛ ሰፈር መብራት ድርግም ይላል። አይታገልም፣ አይጮኽም። ብቻህን አትጥለቅ፣ አንዱ ሲወርድ ሌላው ላይ ሆኖ ይይ የሚሉት ለዚህ ነው።

በሲሊንደር ሲሆን ደግሞ ሕጉ ይገለበጣል። ትንፋሽ መያዝ ጭራሽ ክልክል። የታመቀውን አየር ይዞ ከወጣ አየሩ እየሰፋ ሳንባውን ይቀደዋል። ለዚያ ጥልቀት እንኳ አያስፈልገውም፣ ሁለት ሜትር ይበቃል። እሱ ደግሞ ባሕሩን የለመደው ትንፋሽ በመያዝ ነው! ሲደነግጥ የትኛው ልማድ ይቀድመዋል?

እኛ ውሃ ይመጣብናል እንጂ ወደ ውሃ ሄደን አናውቅም። ከተማችንን የሚያቋርጠው ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ነው፣ ጎርፉ እስኪመጣ ድረስ። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት መጥቶ ከ200 ሰው በላይ ወስዷል። ያንን ሌሊት አብረን ነው ያለፍነው፣ እኔና እሱ። ከዚያ በኋላ እኔ ደመና ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል፣ እሱ ሄዶ ባሕር ውስጥ ገባ። እንዴት እንደሆነ አይገባኝም።

ወደ ትከሻው ልመለስ። የጠለቀ ሰው ወዲያው አውሮፕላን አይሳፈርም። ደጋግሞ ከጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት አለበት፣ ምክንያቱም በረራ ላይ ያለው አየር ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ተራራ ላይ እንዳለው ይሳሳል። ይኼን ሳነብ ሳቄ መጣ። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ነው እኮ! የሐረር ሰው ሳያውቀው ዕድሜውን ሙሉ በረራ ላይ ነው። ደንገጎማ ከዚያም ይበልጣል። እኛም ብንሆን ቆላ ነን የምንለው ከሐረር ጋር ተወዳድረን ነው እንጂ 1,200 ሜትር ላይ ነው የተቀመጥነው። እና ያ ልጅ ባሕር ውስጥ ውሎ በባቡር ተራራ ወጣ። ይኼ አልበቃ ብሎ እኔ ራሴ እጁን ይዤ ደንገጎ ላይ ሰቀልኩት።

ሳቁ እዚህ ጋ ቆመ፣ መቁጠር ጀመርኩ። በዋዜማው ሁለቴ ጠልቄ ከሰዓት 11 ሰዓት ላይ ወጣሁ ብሎኛል። በነጋታው ጠዋት 2 ሰዓት ባቡር ላይ ነው፣ 15 ሰዓት ሆነ። ባቡሩ ዳገቱን ሲይዝ 17። ድሬ ሲገባ 20። ደንገጎ ላይ 23 ገደማ። ደንገጎው ይሁን፣ የምታሳክከኝ ከ18 የጎደለችው 17ቷ ናት። ለመሆኑ ትከሻው መቼ ነው የያዘው? ባቡሩ ላይ ሳይወጣ በፊት ከሆነ ጥፋቱ የዳገቱ አይደለም፣ ከውሃው የወጣበት ነው። ወይ ደግሞ እውነትም ተጣምሞ ተኝቶ ነው።

ይኼ ሁሉ በማን እንደተጠና ታውቃላችሁ? በፍየል። ጆን ስኮት ሃልዴን የሚባል ስኮትላንዳዊ ፍየል ግፊት ክፍል ውስጥ እያስገባ እያስወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ጠላቂ እንዴት ቆም ቆም እያለ መውጣት እንዳለበት የሚያሳይ ሰንጠረዥ አወጣ። ያመማት ፍየል አንድ እግሯን አንሥታ ትቆም ነበር አሉ። አሁን በመስኮት ሳይ የጎረቤት ፍየል ካርቶን ትበላለች። በአራቱም እግሯ ቆማለች። ደህና ናት። እኔ ግን በግራ እጁ የተያዘች አንዲት ሻንጣ ታየችኝ።

ትናንት ማታ የሰባት ደቂቃ ድምፅ ላኩለት። አረፋውን፣ ፍየሏን፣ 17 ሰዓቱን፣ ሁሉንም። ዛሬ ጠዋት መለሰ፣ አራት ሰከንድ ነች። "አቦ አንቺ፣ መጀመሪያ ዋና ተማሪ!" ከኋላው የሞተር ድምፅ አለ፣ ጀልባ ላይ ነው።

ልክ ነው፣ ምን እላለሁ። እኔ በሕይወቴ ከጉልበቴ በላይ ውሃ የገባሁት አንዴ ነው፣ እሱም በርሜል ውስጥ፣ የወደቀ ጫማዬን ላወጣ። ግን ስለ ትከሻው ምንም አላለም። አራቷን ሰከንድ ስንት ጊዜ ሰማኋት። ስልኩን በየትኛው እጁ ይዞ ይሆን?