የአበባው ሥጋ

ፍል ውሃ ለእኔ ብርቅ አይደለም ብዬ ነው የሄድኩት። አዲስ አበባ ተወልዶ ፍልውሃን የማያውቅ አለ? ወረፋ ትይዛለህ፣ ክፍል ይሰጥሃል፣ በር ትቆልፋለህ፣ ቆዳህ እስኪጨማደድ ገንዳ ውስጥ ትዘፈዘፋለህ። በቃ። ስለዚህ ቶኪዮ አብሮኝ የሚማረው ጃፓናዊ ጓደኛዬ «ኖዛዋ ኦንሰን እንሂድ፣ ግን መጀመሪያ የመታጠቢያውን ሥርዓት ላስረዳህ» ሲለኝ፣ «ተወው ባክህ፣ የእኛ ከተማ ራሷ የተቆረቆረችው ፍል ውሃ አጠገብ ነው» ብዬ ዝም አሰኘሁት።

ኖዛዋ ናጋኖ በሚባል የጃፓን ክፍለ ሀገር ውስጥ ያለች የተራራ መንደር ናት። ከቶኪዮ በሺንካንሰን፣ በዚያ ፈጣን ባቡራቸው፣ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ኢያማ ከተማ ትደርሳለህ፣ ከዚያ በአውቶቡስ። መንደሯ ውስጥ 13 የሕዝብ መታጠቢያዎች አሉ። ክፍያ የለም፣ ሳጥን አለ፣ የፈቀድከውን ትጥላለህ። የሚያጸዷቸውም የየሰፈሩ ሰዎች ናቸው፣ ልክ እንደ እድር ተደራጅተው። ከላይ በኩል ደግሞ ኦጋማ የሚባል ምንጭ አለ፤ ውሃው ወደ 90 ዲግሪ ስለሚጠጋ የመንደሩ ሰው አትክልትና እንቁላል ይቀቅልበታል። ይሄን በዓይኔ አይቼ ነው እንግዲህ ገላዬን ልታጠብ የተጣደፍኩት።

የሚቆለፍ ክፍል የለም። አንድ የእንጨት ቤት፣ ሁለት ገንዳ፣ ራቁታቸውን የተቀመጡ አራት ሽማግሌዎች። እኔ ቁምጣዬን እንደለበስኩ ገባሁ። አንደኛው ሽማግሌ ጣታቸውን ወደ ወገቤ ቀስረው «ፓንትሱ! ፓንትሱ!» አሉ። ጃፓን ከመጣሁ ጀምሮ ያለ አስተርጓሚ ወዲያው የገባኝ የመጀመሪያው ቃል ይሄ ነው። አወለቅኩ። ከገንዳው ውጪ በባልዲ እየቀዳሁ ታጠብኩ (ጓደኛዬ ሊያስረዳኝ የነበረው ይሄንን ነበር)፣ ከዚያ ራሴን ቶሎ ለመደበቅ ቅርቤ ያለው ገንዳ ውስጥ ገባሁ። አንዱ ገንዳ ሙቅ፣ ሌላው በጣም ሙቅ መሆኑን ማን ነግሮኝ! የበዓል ዋዜማ ዶሮ ላባው ከመነጨቱ በፊት ምን እንደሚሰማው አሁን አውቃለሁ። እሪ ብዬ ስወጣ ሽማግሌው እዚያው ውሃ ውስጥ እስከ አንገታቸው ተቀምጠው፣ አጣጥፈው አናታቸው ላይ ያስቀመጧት ፎጣ እንኳን አልተነቃነቀችም።

ማረፊያችን ስንመለስ ዩካታ ሰጡኝ፣ ያቺ ቀለል ያለች የጥጥ ልብስ። ለብሼ ወደ ራት ስወርድ የቤቱ ባለቤት እትዬ አፋቸውን ይዘው ሮጠው መጡ፣ መቀነቱን ፈቱት፣ ግራውን ከላይ አድርገው አሰሩልኝ። ለካ ቀኙ ከላይ የሚደረበው ሬሳ ሲገነዝ ነው። አንዷ ነጠላዋን የለቅሶ አጣፋፍ አጣፍታ ሠርግ ቤት ብትመጣ እናቶቻችን ምን እንደሚሆኑ አስቡት። ሳቁም ድንጋጤውም ያው ነው።

ዋናው ጉድ ግን ራት ላይ ነው።

መጀመሪያ ኖዛዋና መጣ። የመንደሩ መታወቂያ ነው፣ በጨው የተቀመጠ ቅጠል፣ እና እመኑኝ ጎመን ነው። ቀጥሎ እንፋሎቱ የሚወጣ ኦያኪ፣ ውስጡ አትክልት የተሞላ ቂጣ። ከዚያ በረዶ ላይ የተደረደረ፣ ስስ ሆኖ የተቆረጠ፣ ደም የመሰለ ጥሬ ሥጋ! እልል ልል ነበር። ዓሣ ዓሣ ሲሉኝ ከርመው በመጨረሻ ቁርጥ! «ምንድን ነው?» ስለው ጓደኛዬ «ሳኩራ» አለኝ። ሳኩራ ደግሞ ማንም የሚያውቀው የቼሪ አበባ ነው። እነዚህ ሰዎች ለሁሉ ነገር የአበባ ስም አያጡም ብዬ አለፍኩት። አኩሪ አተር ስጎውን ወደ ጎን ገፋሁና እናቴ የላከችልኝን ሚጥሚጣ ከኪሴ አወጣሁ። የኔን ጨረስኩ። የሱንም ጨረስኩ።

«እናንተም አገር ጥሬውን ትበላላችሁ?» አለኝ።

«ያለዚህማ ሠርግ የለም! ሉካንዳ ቤት ተሰቅሎ፣ በቢላ እየቆረጥን!» አልኩት። ለእትዬም ተረጎመላቸው። ሴትዮዋ በጣም ደስ ብሏቸው ሌላ ሳህን ሙሉ ይዘው መጡ፣ ስጦታ።

«የሚገርም ነው» አለ ጓደኛዬ፣ «ኢትዮጵያውያን ፈረስ እንደሚበሉ አላውቅም ነበር።»

ሹካዬን... ማለቴ ቾፕስቲኬን ጣልኩ። ለካ የፈረስ ሥጋን ሳኩራ የሚሉት ቀለሙ ከአበባው ጋር ስለሚመሳሰል ነው አሉ። እኔ እኮ ነገሥታቱ በፈረስ ስማቸው ከሚጠሩበት አገር ነው የመጣሁት! አባ ታጠቅ ዓይን ዓይኔን ያየኝ መሰለኝ። አባ ዳኘው ዘወር አለብኝ። ሴትዮዋ ደግሞ ፊት ለፊቴ ተንበርክከው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ፈገግ ብለው ሁለተኛውን ሳህን እስክጀምር ይጠብቃሉ።

እንዴት እንዳለቀ አትጠይቁኝ። የቀረውን ሚጥሚጣ በሙሉ እንደነሰነስኩበት ብቻ ልንገራችሁ።

በማግስቱ እናቴ ደወለች። «ምን በላህ ልጄ?»

«ጎመን፣ እማዬ።» ውሸት አይደለም።

«እሰይ! ጎመን በጤና።»

«ደግሞ ሰው ካገኘሽ ሚጥሚጣ ላኪልኝ፣ አልቋል።»

ዝም አለች። «በምን በልተኸው ነው በአንድ ወር ያለቀው? በጎመን?»

ኔትወርክ ተቆራረጠብኝ አልኳት። ጃፓን ሆኜ።