«እርስዎ»ን ወደ «አንተ» ስቀይር ፊልሙም ተቀየረ

ፊልሙ ሲያልቅ አክስቴ መጀመሪያ የተናገረችው «ልጆቹስ?» የሚል ነበር። አጠገቧ አንዲት ጓደኛዬ እንባዋን ትጠርጋለች። ከኋላ አንዱ «እጁ አልተሰበረ፣ ምናለ ሠርቶ ቢበላ?» ይላል። እኔ መብራቱን ለማብራት እየተጣደፍኩ ነበር። ሦስት ሳምንት ማታ ማታ የደከምኩበት የአማርኛ ሰብታይትል (ከምስሉ ሥር የሚነበበው ትርጉም) እንዲህ ተመረቀ።

ፊልሙ «ኤልቪራ ማዲጋን» ነው። የስዊድኑ ዳይሬክተር ቦ ቪደርበርግ በ1967 ሠራው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ታሪኩ የእውነት ነው። ሲክስተን ስፓሬ የሚባል የስዊድን ፈረሰኛ ጦር መቶ አለቃ፣ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ትቶ፣ ጦሩንም ከድቶ፣ ከአንዲት የሰርከስ ልጅ ጋር ወደ ዴንማርክ ይኮበልላል። ልጅቷ በገመድ ላይ የምትራመድ ናት። ትክክለኛ ስሟ ሄድቪግ የንሰን ሲሆን ኤልቪራ ማዲጋን የመድረክ ስሟ ነው። እሷ 21 ዓመቷ፣ እሱ 34። ገንዘባቸው አለቀ። በሐምሌ 1889 ቶሲንጌ በምትባል የዴንማርክ ደሴት፣ ጫካ ውስጥ፣ በሽጉጡ እሷን ገድሎ ራሱን ገደለ። አክስቴ «መቼ ነው ይሄ የሆነው?» ስትለኝ «አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ በወደቁ በአራት ወር ግድም» አልኳት። ወዲያው ገባት።

ፊልሙን ብቻዬን ሁለት ሦስቴ አይቼዋለሁ። ወሬ አያበዛም። ሰዎቹ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ሣር ላይ ይንከባለላሉ፣ ከዚያ ይራባሉ። «ንግግሩ ይህችን ታህል ከሆነ በሳምንት እጨርሰዋለሁ» ብዬ ገባሁበት። አልሆነም። ብዙ በሚወራበት ፊልም አንድ መጥፎ ትርጉም በሌላው ይሸፈናል። እዚህ ግን አንዷ ቃል ከተበላሸች የምትደበቅበት የላትም።

ስዊድንኛ አልችልም። የተረጎምኩት ከእንግሊዝኛው ሰብታይትል ነው። ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ነው፤ እያንዳንዱ ንግግር ከየትኛው ሰከንድ እስከ የትኛው እንደሚታይ ተጽፎበታል። ሰብታይትል ኤዲት በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከፍቶ በእንግሊዝኛው ቦታ አማርኛውን መጻፍ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደላት አቀማመጥ ካልተቀመጠ ፊደላችን የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ማጫወቻው የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ካላገኘ ደግሞ ባዶ ሳጥን ይደረድራል። እኔ ሁለቱንም ያወቅኩት እንግዶቹ ሊመጡ ሁለት ሰዓት ሲቀራቸው ነው።

ግሳችን መጨረሻ ላይ መምጣቱም ጣጣ አለው። ሲክስተን ለጓደኛው ስለ ሣር የሚናገርበት ቦታ አለ። አንዲት ሣር ዓይን አጠገብ ስትያዝ ከኋላዋ ያለው ሁሉ ይደበዝዛል፤ ዓለም ማለት እሷ ብቻ ትሆናለች የሚል ሐሳብ ነው። በመጀመሪያ ረጅም አድርጌ ተረጎምኩትና ግሱን መጨረሻው ላይ ወዘፍኩት። ሰውዬው ተናግሮ ጨርሷል፣ እኛ ገና ግሱን እየጠበቅን ነው። በኋላ በሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ሰባበርኩት። ያ ንግግር ካልተያዘ ደግሞ ሲክስተን ማን እንደሆነ አይገባም። ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ ዕዳው፣ ሁሉም ከሣሯ ኋላ የደበዘዙበት ሰው ነው።

እነዚህ የሚስተካከሉ ነገሮች ናቸው። ከባዱን ስህተት ስሠራ ግን በራሴ እየኮራሁ ነበር።

እንግሊዝኛው ለሁሉም «ዩ» ይላል። አንተም፣ አንቺም፣ እርስዎም ያው «ዩ» ነው። እኔ ቁጭ ብዬ አሰላሁ። ሰውዬው የመኳንንት ልጅ ነው፤ መኮንን ነው፤ በ13 ዓመት ይበልጣታል፤ ዘመኑም ያ ዘመን ነው። ስለዚህ እሷ «እርስዎ» ትበለው፣ እሱ «አንቺ» ይበላት። የዘመኑን ወግ ጠብቄያለሁ ብዬ ደስ አለኝ።

ሁለተኛው ጥፋቴ ሳላየው ያለፍኩት ነው። ፊልሙ ሲከፈት ሁለቱ በ1889 ዴንማርክ ውስጥ መሞታቸውን የሚናገር ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ይመጣል። ዳይሬክተሩ መጨረሻውን ገና ከመነሻው እየነገረን ነው። እኔ በያዝኩት ፋይል ውስጥ ግን ይህ ጽሑፍ አልነበረም። እኔም አልተረጎምኩትም።

ሦስተኛው ምላሴ ነው። የመጀመሪያው ምሽት ሰባት ሰው ነበር። ከማጫወቴ በፊት ወደ ሃያ ደቂቃ አወራሁ። ስለ ሚስቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዕዳው፣ ከጦሩ ስለመክዳቱ። መጨረሻውን ብቻ «አይነገርም» ብዬ ደበቅኩ። ዳይሬክተሩ የተናገረውን ደብቄ፣ ቀስ እያለ የሚያወጣውን እኔ ቀድሜ ዘረገፍኩት ማለት ነው።

ውጤቱን አያችሁት። ሰዎቹ ሲክስተንን ገና ሳያዩት ፈርደውበታል። ከልጅቷ ጋር ሜዳ ላይ ሲሯሯጥ አክስቴ «ይሄኔ ልጆቹ አባባ የት ሄደ ይላሉ» ትላለች። ሴቷ ለገንዘብ ስትጨፍር እሱ ሲቆጣ ሁሉም ተንጫጩ። «አይሠራ፣ አያሠራ!» አለ ያው ከኋላ ያለው ልጅ። ከጦር የከዳ ሰው ስሙን ተናግሮ ሥራ መጠየቅ እንደማይችል ለማስረዳት ሞከርኩ፤ የሚሰማኝ አልነበረም። መጨረሻው ሲመጣ ደግሞ አልጠበቁትም። ልጅቷ ቢራቢሮ ልትይዝ እጇን ትዘረጋለች፣ ምስሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ተኩሱ ይሰማል። ቀጥሎ ሌላ ተኩስ። «እንዴ! አለቀ?» አሉ። ግማሹ እኔ ላይ ተናደደ።

አንዱ እንግዳ ሙዚቀኛ ነው። እሱ የተናደደው በሞዛርት ነው። ፊልሙ ውስጥ የሚመላለሰው ዜማ ከሞዛርት 21ኛ የፒያኖ ኮንቼርቶ (ፒያኖ ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወትበት ድርሰት) ሁለተኛ ክፍል የተወሰደ ነው። በ1785 የተደረሰ ነው፤ ከፊልሙ ወዲህ ግን ብዙ ሰው ኮንቼርቶውን «ኤልቪራ ማዲጋን» ነው የሚለው። «ይሄ ሙዚቃ ጉቦ ነው» አለ ጓደኛዬ። «ፀሐዩ፣ እንጆሪው፣ ሞዛርቱ፣ ሁሉም እንዳንጠይቅ የተሰጠን ጉቦ ነው።» እንባዋን ስትጠርግ የነበረችው ልጅ «እኔ በልቻለሁ፣ ምን ይጠበስ?» አለችው። የዚያን ምሽት የሳቅነው ያኔ ብቻ ነው።

በማግስቱ ሁለቱ በስዊድንኛ ምን እንደሚባባሉ ልጠይቅ ስዊድን አገር ለኖረ ዘመዴ ደወልኩ። «‹ዱ› ካሉ አንተ ወይም አንቺ ነው፤ አክብሮቱ ‹ኒ› ነው። ዝም ብለህ ጆሮህን ስጥ» አለኝ። ከፈትኩና ሰማሁ። ሁለቱ «ዱ» ነው የሚባባሉት። ቋንቋውን ባልችልም ይህቺን አንዲት ቃል መስማት እችል ነበር። ሦስት ሳምንት ስሠራ አንድ ቀን እንኳ ጆሮዬን አልሰጠሁም፤ ዓይኔን እንግሊዝኛው ላይ ተክዬ ነበር። (በነገራችን ላይ ፊልሙ በወጣበት በዚያው በ1967 ነው ብሮር ሬክሴድ የሚባል የስዊድን የጤና መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሠራተኛውን ሁሉ በ«ዱ» እጠራለሁ ብሎ የተናገረው። ስዊድኖች አንቱታን የተዉበት ጊዜ ሲነሳ የእሱ ስም አብሮ ይነሳል። ከዚያ በፊት እነሱም እንደኛ ማንን ምን እንደሚሉ ሲጨነቁ የኖሩ ሰዎች ናቸው።)

«እርስዎ»ን በሙሉ አወጣሁ። አማርኛ ላይ ቃሏን ብቻ ቀይሮ ማለፍ የለም። ግሱ ሁሉ አብሮ ይቀየራል። «ይብሉ» የነበረው «ብላ»፣ «አይሂዱ» የነበረው «አትሂድ» ሆነ። የመክፈቻውን ጽሑፍም ጨመርኩ። እዚያም ተጨነቅኩ። «ራሳቸውን ገደሉ» ልበል፣ «ገድሏት ራሱን ገደለ» ልበል? በእውነቱ የሆነው ሁለተኛው ነው። ግን ዳኝነቱን ከመነሻው ስክሪኑ ላይ መጻፍ አልፈለግኩም። «ሞቱ» አልኩና ተውኩት።

ሁለተኛው ምሽት አምስት አዲስ ሰዎች ነበሩ። ስድስተኛዋ አክስቴ ናት፤ ካልመጣሁ ብላ ድርቅ አለች። እኔ ያወራሁት ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ የየት አገር ፊልም እንደሆነና ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ። ከዚያ አፌን ዘጋሁ።

የሚገርም ነው፣ ሰዎቹ ሌላ ነገር ነው ያዩት። መጨረሻው ስለተነገራቸው «ምን ይሆናሉ?» አላሉም። ሲያዩ የነበሩት ትናንሽ ነገር ነው። የወይኑ ጠርሙስ ጨርቁ ላይ ሲገለበጥ አንዷ ትንፋሿን ሳበች። ልጅቷ ዛፍ ለዛፍ በታሰረ ገመድ ላይ ስትለማመድ ሁሉም ፀጥ አለ። ሚስቱና ልጆቹ የሚነሱበት ቦታ ሲደርስ፣ ያኔ ነው ክፍሉ ውስጥ የሆነ ነገር የዞረው። እስከዚያ ድረስ ሲወዱት የቆዩት ሰው ነውና አሁን መናደድ አቃታቸው። ባይናደዱም አልተመቻቸውም።

ሲያልቅ መብራት አላበራሁም። ከመጀመሪያው ምሽት የተማርኩት ትልቁ ነገር ይሄ ይመስለኛል። ሁለት ደቂቃ ይሁን ሦስት፣ በጨለማ ተቀመጥን። ከዚያ አንዲት ተማሪ ልጅ «እሷንስ ማን ጠየቃት?» አለች። ማንም አልመለሰላትም። እሷው ቀጠለች። «እሱ ሚስት ነበረው፣ ጦር ነበረው፣ ስም ነበረው፤ የተወው ብዙ ነው ይባላል። እሷ ግን ገመዷ ነበራት። ገመዱን መተዋን ማን ቆጠረላት?» ሌላው ስለ ተዋናይቷ ጠየቀኝ። ፒያ ደገርማርክ ፊልሙ ሲወጣ ገና 17 ዓመቷ ነበር። በዚያው ዓመት የካን ፌስቲቫልን የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ወሰደች። ይህን ስነግራቸው ተማሪዋ ራሷን ነቀነቀች፤ በመስማማት ይሁን በመናደድ አልገባኝም።

አክስቴ እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ነበር። ጫማዋን እያደረገች፣ «ባለፈው ልጅቷ እንደ ገረድ ነበር የምታወራው» አለችኝ። «ጌታዬ፣ ጌታዬ ስትል የቆየች ነው የሚመስለው። ዛሬ እኩያው ሆነችብኝ። ምን አድርገሃት ነው?»

ነገርኳት። «እንግዲያው ባለፈው የረገምኩት አንተ የጻፍከውን ሰውዬ ነዋ» አለች። ከዚያ ደግሞ ጨመረች፤ «የዛሬውንም ቢሆን አልማርኩትም።»

መቃብራቸው እዚያው ቶሲንጌ፣ ላንዴት በሚባል ቤተ ክርስቲያን አጥር ግቢ ውስጥ እንደሆነና ሙሽሮች የሠርግ አበባቸውን እዚያ እንደሚያኖሩ ስነግራት በሩ ላይ ቆም አለች። «ሚስቱ መቃብር ላይስ አበባ የሚያኖር አለ?»

እስካሁን ያላስተካከልኩት አንድ ቦታ አለ። ጓደኛውና ሲክስተን ስለ ሚስቱ የሚነጋገሩበት ነው። በመጀመሪያው ቅጂ «ሚስትህ» ብያለሁ። በሁለተኛው «ባለቤትህ» አደረግኩት። ከአክስቴ ጥያቄ በኋላ ሁለቱም ልክ አልመስል አሉኝ። ፋይሉ ላይ ሁለቱን ቃል ጎን ለጎን በእዝባር ጽፌ አስቀምጫቸዋለሁ። በሦስተኛው ምሽት አንዱን ማጥፋት አለብኝ።