ጎተራው ለምን ያን ሰዓት ወደቀ?

ዘንድሮ ሶሻል አንትሮፖሎጂ፣ የሰውን ማኅበራዊ ኑሮና ባህል የሚያጠናውን ትምህርት፣ የጀመረች ልጅ «መስክ ስትወጪ መጀመሪያ ምን ጠየቅሽ?» አለችኝ።

ጥናቴ ስለ እድር ነበር፤ ጉለሌ። 42 ጥያቄ አሳትሜ ሄድኩ። አንዲት እናት ቤት ገብቼ ገና ቁጭ ከማለቴ «እማማ፣ ስንት ልጆች አሉዎት?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ቆይተው «እግዜር የሰጠኝ አሉ» አሉኝ። ልጅ እንደማይቆጠር ጠፍቶኝ አይደለም፤ እናቴም አትቆጥረንም። መጠይቁን ስይዝ ግን ረሳሁት።

ከዚያ ወረቀቱን ትቼ ለቅሶ ቤት ሰሃን ማጠብ ጀመርኩ። ጓዳ ውስጥ ሆኖ የሚታየው ሌላ ነው። ደንቡ አባላት እኩል ናቸው ይላል። ማታ ግን ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ ካርታ ይጫወታሉ፤ ሴቶቹ እጃቸው ከውሃ አይወጣም። ሰው የሚለውና የሚያደርገው ይለያያል፤ ይህን ለማየት አብሮ መዋል ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ማሊኖቭስኪም እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ ፓስፊክ ውቅያኖስ ወዳሉት ትሮብሪያንድ ደሴቶች ሲሄድ ድንኳኑን የተከለው መንደር መሃል ነበር።

አንድ ክረምት ግንብ ተደርምሶበት የሞተ ጎልማሳ ለቅሶ ላይ ነበርኩ። ግንቡን ዝናብ እንዳራሰው ሁሉም ያውቃል። አንዷ ግን «ስንቱ ያልፍበት የለ፣ ለምን እሱ? ለምን ያቺን ሰዓት?» አለች። «ቀኑ ደርሶ ነዋ» አሏት።

ሰሃኑን እንደያዝኩ ቀረሁ። እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተመው መጽሐፍ አዛንዴ ስለሚባሉት የደቡብ ሱዳን ሕዝቦች የጻፈው ይኸንኑ ነው። ጎተራ ሥር ጥላ ፍለጋ የተቀመጡ ሰዎች ላይ ጎተራው ይወድቃል። ምሰሶውን ምስጥ እንደበላው አዛንዴዎች ያውቃሉ። ጥያቄያቸው፦ እነዚህ ሰዎች በተቀመጡበት ሰዓት ለምን? መልሳቸው ማንጉ ነው፤ በሰው ሆድ ውስጥ አለ የሚሉት ክፉ ኃይል፣ የእኛን ቡዳ የሚመስል።

ኢቫንስ ፕሪቻርድ አስተሳሰባቸውን በክብር ካስረዳ በኋላ፣ ማንጉ የሚባል ነገር ግን በእውን የለም ይላል። ፈላስፋው ፒተር ዊንች እ.ኤ.አ. በ1964 ተቃወመው፦ እውን የሆነውንና ያልሆነውን በሳይንስ ሚዛን ብቻ መለካት ተገቢ ነው ወይ? እኔ እስከ ዛሬ ወደ ዊንች አደላለሁ። «ቀኑ ደርሶ ነው» ያሉት ሴቶች ስለ ግንቡ አልተሳሳቱም። የጠየቁት ሌላ ነገር ነው።

እማማ ከወራት በኋላ፣ ብርጭቆ እየወለወልን፣ ልጆቻቸውን በስም በስም ጠሩልኝ። አንዱ በሕፃንነቱ የሞተ ነው። ከወንድሞቹ መሃል፣ በተራው ነው የጠሩት።