«ላፍለር» የተባለው ወታደር

ዛሬ ሞንትሪያል ውስጥ ከባለቤቴ እናት ጋር ከፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ዘመን የቆዩ የቤተ ክርስቲያን መዝገቦችን ስናገላብጥ ዋልን። ለሳምንታት የጠፋብን አንድ ምንጅላታቸው በጋብቻው ቀን በአባቱ ስም ተጽፎ ሳለ፣ በልጁ ጥምቀት ላይ «ላፍለር» ብቻ ተብሏል። የታረቀልን ቄሱ በሌላ ገጽ ላይ በሁለቱ ስሞች መካከል በደበዘዘ ቀለም ያስገቧትን «ዲ» የምትል ቃል ስናገኝ ነው፤ «የሚባለው» ማለት ነች።

እ.ኤ.አ. በ1665 የካሪኛን-ሳልዬር ክፍለ ጦር 1,200 ያህል ወታደር ይዞ ኬቤክ ሲደርስ፣ ብዙዎቹ ላፍለር («አበባው») ወይም ሳንሱሲ («ሐሳብ የለሹ») የመሰለ የጦር ስም ነበራቸው፤ እዚያው የቀሩት 400 ገደማ ሰዎች ይህንኑ ለልጆቻቸው ስላወረሱ፣ ከአንድ አባት የተወለዱ ወንድማማቾች በተለያየ ስም የሚጠሩበት ጊዜ ነበር። የእኛን አባ ታጠቅና አባ ዳኘውን አስታወስኩ፤ የፈረስ ስም ግን ለልጅ አይወረስም።

ከሁሉ ይበልጥ የነካኝ የሚስትየዋ ነገር ነው። በዚያ ዘመን መዝገብ ሴት ካገባችም በኋላ የምትጻፈው በአባቷ ስም ስለሆነ፣ ልክ እንደ እናቴ፣ በቀብሯ ገጽ ላይ እንኳ ስሟ ሳይነካ አገኘነው። አማቴ መነጽራቸውን ጠርገው፣ ስሟን ፊደል በፊደል ደብተራቸው ላይ ገለበጡት።